በጭንቅ ዘመን ማመስገን

በአገራችን ልማድ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ «እንደምን አደሩ?» ብሎ ለጠየቀው ሰው የሚሰጠው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነው። ጠያቂው የጠየቀው ስለ ጤንነት ሲሆን፣ ተጠያቂው ስለ ጤንነቱ ከመናገሩ አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል። መሶቡ በሞላበት ቤትም ሆነ በጎደለበት ቤት መልሱ አንድ ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በዚያው ሥፍራ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ይህን ቃል ከወላጆቻችን የተቀበልነው ገና አፋችንን ስንፈታ ስለሆነ፣ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ቆም ብለን የምናስብበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ቃሉ በደኅና ቀን ከአፍ ሲወጣ ማንንም አያስቸግርም። የሚከብደው ቀን ሲከፋ ነው። ባሏ ወደ ግዳጅ ከሄደ ወራት ያለፉባትና ወሬው የራቀባት የወታደር ሚስት ጎረቤቷ ደኅንነቷን ስትጠይቃት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትመልሳለች። በሯን ዘግታ ብቻዋን ስትቀመጥ ግን «ስለ ምኑ ነው ያመሰገንሁት?» ብላ ራሷን ትጠይቅ ይሆናል። የልጁን መታመም በሰው አገር ሆኖ የሰማ ወታደርም ሌሊቱን ዘብ ቆሞ ይህንኑ ጥያቄ ያወጣል ያወርዳል። ይህ የክሕደት ጥያቄ አይደለም። እምነት ያለው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ የማያምን ሰውማ ማንን አመሰግናለሁ ብሎ ይጨነቃል?

እነሆ በዚህ የቤተሰብ ዓምዳችን ልንመረምረው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው። በመከራ ወራት እግዚአብሔርን ማመስገን ሕመምን መካድ ነውን? ወይስ ሌላ ነገር ነው? መልሱን በባዶ ምክር ከመስጠት ይልቅ መከራን ጠግበው ካዩ ሰዎች ብንማር የተሻለ ነው ብለን ስላመንን፣ ምሳሌ ለመፈለግ ወደ ጎረቤታችን ወደ ደቡብ ሱዳን፣ ይልቁንም ወደ ጁባ ከተማ እንሄዳለን።

ብዙ ያየች ከተማ

ጁባ ከነጭ ዓባይ በስተ ምዕራብ ዳርቻ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወንዙን የአካባቢው ሰዎች ባሕር አል ጀበል ይሉታል። በከተማዪቱ ምዕራብ ጀበል ኩጁር የተባለው ተራራ ይታያል፤ በየግቢውና በየመንገዱ ዳር የማንጎ ዛፎች ጥላቸውን ይጥላሉ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህች ከተማ እንግዳ አይደለችም። በሆቴልና በምግብ ቤት፣ በሱቅና በልዩ ልዩ ንግድ ተሰማርተው የኖሩባት ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ተልእኮ ሥር ዘብ የቆሙባት የሠራዊት አባሎቻችንም አሉ። ከነዚህም መካከል ሌተና ጄኔራል ዮሐንስ ገብረ መስቀል ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. የተልእኮው ጦር አዛዥ ሆነው እንዳገለገሉ ይታወሳል።

የዚያች አገር ሰው በአንድ ዕድሜ ውስጥ ያየውን መከራ በአጭሩ እናስታውስ። በነሐሴ 1947 ዓ.ም. በቶሪት ከተማ በወታደሮች ዐመፅ የተጀመረው የመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት ያቆመው፣ በየካቲት 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት ነበር። በዚያ ስምምነት የአብያተ ክርስቲያናት ማኅበራትና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያደረጉት የሽምግልና ድካም በታሪክ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ሰላሙ ከ11 ዓመት በላይ አልቆየም። በ1975 ዓ.ም. ሁለተኛው ጦርነት ተነሣ፤ እስከ ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነትም ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ዘለቀ። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጁባ የነጻ አገር መዲና ሆነች፤ ሕዝቡም በአደባባይ ዘፈነ፣ አለቀሰ፣ አመሰገነ። ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ተኩስ ተከፈተ። በሺሕ የሚቈጠሩ ቤተሰቦች ፍራሽና ድስት ብቻ ይዘው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሰፈሮች ገቡ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ውጊያው እንደገና አገረሸ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፋላሚዎቹ ወገኖች እንደገና አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ፈረሙ፤ ሙሉ ሰላም ግን ከዚያም በኋላ በቀላሉ አልተገኘም።

እንግዲህ ከነጻነት ደስታ ወደ ስደት በሁለት ዓመት ተኩል የተወረወረ ሕዝብ «እግዚአብሔር ይመስገን» ቢል ቃሉ ተራ ሰላምታ ሊሆን አይችልም።

በተከበበች ከተማ ውስጥ

በሁለተኛው ጦርነት ዘመን ጁባ በመንግሥት ጦር የተያዘች፣ ዙሪያዋን ግን ውጊያ የከበባት ከተማ ነበረች። መንገዶቹ በፈንጂና በደፈጣ የተዘጉ ስለ ነበሩ ከሚገባላት ስንቅ ብዙው በአውሮፕላን የሚመጣ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በከተማዪቱ ላይ የተሰነዘረው ማጥቃትና ከዚያም በኋላ የተከተለው እሥራትና ግድያ በነዋሪው ልብ እስከ ዛሬ አልተረሳም።

በዚያን ዘመን የጁባ የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ ፓውሊኖ ሉኩዱ ሎሮ ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. ማለትም ጦርነቱ በተነሣበት ዓመት ተሾሙ፤ ኃላፊነታቸውንም ያስረከቡት በ2012 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። የጦርነቱን ዘመን ሁሉ መንበራቸው በዚያችው በተከበበች ከተማ፣ በካቶር በምትገኘው በቅድስት ተሬዛ ካቴድራል ነበረ። ከእርሳቸው አጠገብም የኤጲስቆጶሳውያኑ የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራልና ሌሎችም የጸሎት ቤቶች በራቸውን ከፍተው ኖረዋል።

እዚህ ላይ አንባቢያን እንዲያስተውሉት የምንፈልገው ነገር አለ። በካቴድራሉ ዕለት ዕለት የሚቀርበው የቁርባን ሥርዓት በግሪክ ቋንቋ የሚጠራበት ስም ትርጉሙ «ምስጋና» ማለት ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ዋና ክፍል በግዕዝ «አኰቴተ ቁርባን» ይባላል፤ አኰቴትም ምስጋና ነው። ካህኑ የባስልዮስን የምስጋና ጸሎት በሚያደርስበት ጊዜ ምእመናኑ ሁሉ ደስ ብሏቸው እንደማይቆሙ የታወቀ ነው። አንዱ ከቀብር መልስ ነው፤ ሌላዋ ልጇ ታሞባታል። ምስጋናው ግን ይደርሳል። አባቶች ሥርዓቱን የሠሩት የሰው ልብ በየቀኑ ለማመስገን ዝግጁ እንደማይሆን ዐውቀው ይመስለናል። ልብ ሲዝል ማኅበሩ ይሸከመዋል። አንዱ ዛሬ ማመስገን ቢያቅተው ጎረቤቱ ያመሰግንለታል፤ ነገ ደግሞ ተራው ይለዋወጣል። በተከበበችው ጁባ ሕዝቡን ካቆሙት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር ብንል ስሕተት አይሆንብንም።

ያልተማሩ እናቶች የደረሱት መዝሙር

ከጁባ ወደ ሰሜን፣ በዚያው በነጭ ዓባይ ዳር የቦር አገር አለ። ነዋሪዎቹ ዲንቃዎች ናቸው። የዲንቃ ሰው ሀብቱና ክብሩ ከብቱ ነው። ጦርነቱ ከብቱን ነዳበት፤ መንደሩን አቃጠለበት፤ ልጆቹንም በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ሰደዳቸው። በጋምቤላ የነበረው የኢታንግ ሰፈር በ1970ዎቹ መጨረሻ በዓለም ላይ ከነበሩት ታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአገራችን የመንግሥት ለውጥ ሲሆን፣ ስደተኞቹ በዝናብና በጭቃ ወደ ወጡበት አገር ለመመለስ ተገደዱ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ወራት የቦር ምድር እንደገና በእልቂት ተመታ።

ታሪክ መርማሪዎችን ያስደነቀው ግን በዚያ የመከራ ዘመን በዲንቃ ሕዝብ መካከል እጅግ ብዙ አዳዲስ መዝሙሮች መደረሳቸው ነው። ከደራሲዎቹ መካከል ብዙዎቹ የቀለም ትምህርት ያላገኙ ወጣቶችና እናቶች ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ ስሟ የታወቀው ሜሪ አሉኤል ጋራንግ የተባለችው የቦር ሴት ናት። በሙንድሪ በሚገኘው የካህናት ማሠልጠኛ መምህር የነበሩት አሜሪካዊው ቄስ ማርክ ኒክል እነዚህን መዝሙሮች ሰብስበው አጥንተዋል፤ ቄሱ በ1992 ዓ.ም. መጨረሻ በካንሰር በሽታ ካረፉ በኋላም ጥናታቸው በመጽሐፍ ታትሟል።

እነዚህ መዝሙሮች ሞትን አይደብቁም። ረሃቡን በስሙ ይጠሩታል፤ የተቃጠለውን ቤት ያነሣሉ፤ «ጌታ ሆይ እስከ መቼ?» የሚል አሳብ አለባቸው። በዚያው መዝሙር ውስጥ ግን እግዚአብሔር አብሮ እንደ ተሰደደ፣ በጫካም እንዳልተለየ ይመሰክራሉ። ለቅሶና ምስጋና በአንድ አፍ፣ በአንድ ዜማ ይወጣሉ። ሰዎቹም ከእንጨት የጠረቡትን መስቀል ይዘው እየዘመሩ ይጓዛሉ።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ መሆን የለበትም። በየቤታችን የሚደገመውን መዝሙረ ዳዊት ያነበበ ሰው ከ150ዎቹ መዝሙሮች ብዙዎቹ የአቤቱታና የእንባ እንደ ሆኑ ያውቃል። ኢዮብ ልብሱን ቀድዶ፣ በዐመድ ላይ ተቀምጦ ከፈጣሪው ጋር ተሟገተ፤ ይህም ሆኖ ከመጽሐፉ አልተሰረዘም። ነቢዩ ዕንባቆም በለሱ ባያፈራ፣ ወይኑ ፍሬ ቢያጣ፣ በረቱም ባዶ ቢሆን በአምላኩ ደስ እንደሚለው የተናገረው የጠፋውን ነገር አንድ በአንድ ከቈጠረ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ቈጠረ፤ ከዚያ በኋላ አመሰገነ። በእስልምናም ትምህርት ሶብርና ሹክር፣ ማለትም ትዕግሥትና ምስጋና፣ እንደ መንትያ ተያይዘው ይነሣሉ፤ የነቢዩ አዩብ ታሪክም በዚያ የትዕግሥት ምሳሌ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን ግማሽ መልስ አገኘን። በጭንቅ ጊዜ ማመስገን የደረሰውን ጉዳት መካድ አይደለም። ጉዳቱን በስሙ ከጠሩ በኋላ ያልጠፋውንም በስሙ መጥራት ነው።

ድልድይ የሠሩት ጳጳስ

ሌላውን ግማሽ መልስ የምናገኘው ከብፁዕ ጳጳስ ፓሪዴ ታባን ሕይወት ነው። የተወለዱት በምሥራቅ ኢኳቶሪያ፣ ኦፓሪ በተባለ ሥፍራ፣ በ1928 ዓ.ም. ግድም ነው። ክህነት የተቀበሉት በ1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያ ዓመት የሱዳን መንግሥት የውጭ አገር ሚስዮናውያንን ከደቡብ ያባረረበት ዓመት ነበር። ወጣቱ ካህን አስተማሪዎቹ በተባረሩበት፣ ጦርነት በገባበት ምድር ሥራውን ጀመረ። በ1972 ዓ.ም. የጁባ ረዳት ጳጳስ፣ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የቶሪት ጳጳስ ሆኑ። ቶሪት በ1981 ዓ.ም. በአማፅያኑ እጅ ስትወድቅ ከሌሎች ካህናት ጋር ተይዘው ለተወሰነ ጊዜ በእሥር ቆዩ። ከዚያም በኋላ በጦርነት ቀጠና ያሉትን ሕዝቦች ለመርዳት ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጋር አንድ ጉባኤ አቋቋሙ።

በ1996 ዓ.ም. ከጵጵስና ሥራቸው በጡረታ ተሰናበቱ። የአርባ ዓመት ድካም ያየ ሰው ወደ ዕረፍት ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም። እርሳቸው ግን ከአሥር ዓመት ግድም አስቀድሞ በእስራኤል አገር አይሁድና ዐረቦች በአንድነት የሚኖሩበትን መንደር አይተው ነበርና፣ ያንን በአገራቸው ለመሥራት ወደ ኩሮን ሄዱ። ኩሮን ከኢትዮጵያ ድንበር የማይርቅ፣ ከብት መዘራረፍ የተለመደበት ጠረፍ ነው። በዚያ አካባቢ ቶፖሳ፣ ጂዬ፣ ሙርሌና ሌሎችም ሕዝቦች ይኖራሉ፤ በእኛው በደቡብ ኦሞ የምናውቃቸው ኛንጋቶሞችም ጎረቤቶች ናቸው። ጳጳሱ በወንዙ ላይ ድልድይ አሠሩ፤ የእርሻ ማሳያ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አቋቋሙ፤ ቦታውንም «የቅድስት ሥላሴ የሰላም መንደር» አሉት። ትናንት በጦር መሣሪያ ይፈላለጉ የነበሩ ሰዎች ልጆቻቸውን በአንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡ።

ጳጳስ ታባን ወደ መንደሪቱ ለሚመጣ ሁሉ ጥቂት ቃላትን ያስተምሩ ነበር። ምስጋና መስጠት፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ጥፋትን ማመን፣ በአንድነት መኖር፤ የቃላቱ አሳብ ይህ ነበር። የተማረውም ያልተማረውም ሊይዛቸው የሚችል ቃላት ናቸው። ከነዚህም መካከል «አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል መኖሩ ዝም ብሎ አይደለም። ሰው ሌላውን ካመሰገነ ያ ሌላው ሰው ለእርሱ መልካም ነገር እንዳደረገለት አመነ ማለት ነው። ጠላቴ ነው ብሎ ያሰበውን ሰው ማመስገን የጀመረ ሰው ደግሞ በዚያ ሰው ላይ መተኮስ ይከብደዋል።

በ2005 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን በሰርጂዮ ቪዬራ ዴ ሜሎ ስም የተሰየመውን የሰላም ሽልማት ሰጧቸው። በጆንግሌይ ክፍለ ሀገር በታጣቂዎችና በመንግሥት መካከል የነበረው ግጭት በግንቦት 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስምምነት ሲቋጭ፣ ካስታረቁት የቤተ ክርስቲያን አባቶች ዋናው እርሳቸው ነበሩ። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ የመልሱ ሁለተኛ ክፍል ይህ ነው። በእግዚአብሔር መታመን ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። የታመነ ሰው ፍጻሜውን ለፈጣሪው ይተወዋል፤ የዛሬውን ሥራ ግን ራሱ ይሠራል። ጳጳስ ታባን አገራቸው ሰላም እስክታገኝ ድረስ ቢጠብቁ ኖሮ አንዲት ድንጋይ ባላኖሩም ነበር። ምስጋናቸው በአፋቸው ብቻ አልቀረም፤ ድልድይ ሆነ።

ቆስሎ የተራመደ እግር

ሚያዝያ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት፣ የሩምቤክ ጳጳስ እንዲሆኑ የተመረጡት ጣሊያናዊው አባ ክርስቲያን ካርላሳሬ ገና ሥርዓተ ሢመታቸው ሳይፈጸም፣ ታጣቂዎች ወደ ቤታቸው ገብተው ሁለቱንም እግራቸውን በጥይት መቷቸው። ለረጅም ጊዜ ታከሙ። የመቷቸውን ሰዎች ይቅር ማለታቸውን ከሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው አስታወቁ፤ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ተመልሰው ሢመታቸውን ተቀበሉ።

በጥር 2015 ዓ.ም. የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ፍራንሲስኮስ፣ የካንተርቤሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢና የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ መሪ ኢየን ግሪንሺልድስ ጁባን በአንድነት ሲጎበኙ፣ ካርላሳሬ ከተለያዩ ጎሣዎች ከተውጣጡ በርካታ ወጣቶች ጋር ከሩምቤክ እስከ ጁባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጓዙ። በየመንደሩ ሕዝቡ ውኃና ምግብ ይዞ እየወጣ ተቀበላቸው። በጥይት የተመታ እግር ለሰላም ጸሎት ያን ያህል መንገድ መሄዱን የሰማ ሰው፣ ምስጋና ከይቅርታ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ይገነዘባል። የተረፈለትን እግር ያመሰገነ ሰው በዚያው እግር ወዴት መሄድ እንዳለበት ያስባል።

እንዲህ ያለው ነገር በአፍሪካ ብቻ የታየ አይደለም። በጀርመን አገር አይለንቡርግ በተባለች ቅጥር ባላት ከተማ፣ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ጊዜ ማርቲን ሪንካርት የሚባል ቄስ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1637 ከተማዪቱ በስደተኛ ተጨናንቃ ቸነፈር ሲገባባት፣ ከ4,000 በላይ ሰዎች መቅበሩ ይነገርለታል፤ ከተቀበሩትም መካከል የገዛ ሚስቱ ነበረች። በፕሮቴስታንት ዓለም እስከ ዛሬ የሚዘመረውን ታላቁን የምስጋና መዝሙር የደረሰው ይኸው ሰው ነው። በየቀኑ መቃብር አፋፍ ይቆም የነበረ ሰው የደረሰውን መዝሙር ማንም «ችግር ስለማያውቅ ነው ያመሰገነው» ሊለው አይችልም።

ምስጋና ያልሆነው ነገር

ውድ አንባቢያን፣ ምስጋናን ስናመሰግን ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት ይገባናል። በአገራችን ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ኀዘንተኛውን «አመስግን» አይለውም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ፤ ሴቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ጎረቤት ሦስት ቀን ከደጃፍ አይጠፋም። ይህ ልማድ ጥበብ ያለበት ነው። ማመስገንን ለሰው በግድ ማዘዝ አይቻልም። ትናንት ባሏን የቀበረችን ሴት «ተመስገን በይ» ብሎ መገሠጽ እምነት ሳይሆን ጭካኔ ነው። ያንን ቃል የመናገር መብት የእርሷ ብቻ ነው፤ ጊዜውንም የምታውቀው እርሷ ናት። የእኛ ድርሻ ንፍሮውን ማብሰል፣ ልጆቹን ማብላት፣ ውኃ መቅዳት ነው። ምናልባት ከወራት በኋላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብቻዬን አልተዋችሁኝም» ትል ይሆናል። ያን ጊዜ የምስጋናዋ ምክንያት የሆነው ያ የንፍሮ ሰሐን መሆኑን ታስታውሳለች።

ሁለተኛም፣ ምስጋና ለበደል መጋረጃ ሊሆን አይገባም። የተበደለ ሰው አቤቱታውን በሥርዓቱ ቢያቀርብ ከእምነት ጎደለ አይባልም። ጳጳስ ታባን ፈጣሪያቸውን እያመሰገኑ በዚያው ጊዜ ጦረኞችን ፊት ለፊት ይገሥጹ ነበር። «ለሁሉም ተመስገን» እያሉ የታመመን ልጅ ሐኪም ቤት ሳይወስዱ መቅረትም መታመን አይደለም። መድኃኒቱንም ሐኪሙንም የሰጠው እግዚአብሔር ነውና፣ ሐኪሙን መፈለግ ራሱ የምስጋና አንዱ ክፍል ነው።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

ከላይ ያየነው ሁሉ ወደ ቤታችን ካልገባ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ወሬ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በጦር ሰፈር ለሚኖር ቤተሰብ ይጠቅማሉ ያልናቸውን ጥቂት ነገሮች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ማታ ማታ ከእራት በኋላ፣ በቡናው ዙሪያ ወይም በጸሎት ጊዜ፣ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሁለት ነገር ይናገር። አንዱ ያስጨነቀውን፣ ሌላው ያስደሰተውን። ሁለቱም ይነገሩ። ጭንቀቱ ብቻ ከተነገረ ቤቱ ይጨልማል፤ ደስታው ብቻ ከተነገረ ደግሞ ልጆቹ ሐዘናቸውን መደበቅ ይማራሉ። ትንሹ ልጅ «አባባ ስለሌለ ከፍቶኛል፤ ኳስ ግን ተጫውቻለሁ» ቢል፣ የዕንባቆምን ትምህርት በራሱ ቋንቋ ተናገረ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በሩቅ ላለው ወታደር ደብዳቤ ስንጽፍ ወይም ስልክ ስንደውል ችግሩን አንደብቅ፣ ችግሩን ብቻም አንደርድር። ቤት ኪራይ መወደዱን የሰማ አባት ልጁ ፊደል መቍጠር መጀመሯንም ይስማ። ወታደሩም በበኩሉ ለሚስቱ «ቤቱን ስለያዝሽልኝ አመሰግንሻለሁ» የሚል ቃል ይጻፍላት። ብዙ ባሎች ይህን ቃል በልባቸው ያኖሩታል እንጂ በአፋቸው አያወጡትም፤ በልብ የቀረ ምስጋና ደግሞ ለባለቤቱ አይደርስም።

ሦስተኛ፣ እግዚአብሔርን ማመስገን በሰው በኩል ይጀመር። ማታ ቤቱን የጠበቀልን ጎረቤት፣ ልጃችንን ያከመችው ነርስ፣ ደመወዛችንን በጊዜው ያደረሰልን ጸሐፊ፣ የጓደኛውን ተራ ዘብ የቆመ ወታደር፤ እነዚህን ሰዎች በስማቸው ጠርተን እናመስግን። በዓይኑ የሚያየውን ወንድሙን ማመስገን ያልለመደ ሰው በዓይኑ የማያየውን ፈጣሪውን በእውነት ማመስገን ይከብደዋል።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ማመስገን ያቃተን ቀን ቢመጣ አንሸበር። ያን ዕለት ዝም ብለን ከማኅበሩ ጋር እንቁም። ቅዳሴ ላይ፣ በመስጊድ ሶፍ ላይ፣ ወይም በጓዶቻችን መካከል ሌላው ስለ እኛ ይበል። ካልደፈረሰ አይጠራም እንደሚባለው፣ የደፈረሰ ልብም የሚጠራበት ቀን አለው።

በጁባ ዝናቡ የሚጀምረው በሚያዝያ ወር ግድም ነው። ያ ወር ለገበሬው የቸገረ ጊዜ ነው፤ የአምናው እህል እያለቀ የዘንድሮው ገና በመሬት ውስጥ ነውና። በዚያን ጊዜ በእጁ የቀረውን ጥቂት ዘር ከመብላት ታቅቦ መሬት ውስጥ የሚቀብር ገበሬ በእግዚአብሔር መታመን ምን እንደ ሆነ ከማንም መምህር ይልቅ ያውቃል። ረሃቡን አይክድም፤ ሆዱ ይነግረዋል። ዘሩን ግን ይዘራል፤ በግቢው የደረሰውንም ማንጎ ከጎረቤቱ ጋር ተካፍሎ ይበላል። ለእኛም ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው በያለንበት ያን ዓይነት ልብ ይስጠን።